መከላከያው ሳጥን ውስጥ ነው

እናቴ ከቤቷ ደጃፍ ተነሥታ አስፋልቱ ድረስ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ትቆም ነበር። የመጀመሪያው ማረፊያዋ የጎረቤታችን የድንጋይ ካብ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ያረጀ የባሕር ዛፍ ግንድ፤ ሦስተኛው ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ያለው የመብራት ምሰሶ። ርቀቱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ቆጥሬዋለሁ። በየማረፊያው አንድ እጇን ታስደግፍና፣ ሰው ያያት እንደሆነ መኪና የምትጠብቅ ለመምሰል፣ ወደ ደሴ አቅጣጫ ትመለከታለች። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም። የሐይቅ ሰው ሁሉ ከተማውን ለቆ ሲወጣ እኛ ለምን እንደቀረን ብዙዎች ጠይቀውኛል፤ አንዳንዱ ጀግንነት ነው ብሎ ገምቷል፣ አንዳንዱም ከዚያ የከፋ ነገር። መልሱ እነዚያ ሦስት ማረፊያዎች ናቸው። የቀረነው ፍርሃት አንሶን ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮን ነው።

እናቴ የተወለደችው ከውጫሌ በላይ ባለ የአምባሰል ገጠር ነው። አግብታ ሐይቅ ከወረደች ጊዜ ጀምሮ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጥ ነበር፤ ዛላውን ትገዛለች፣ ታስፈጫለች፣ በወንፊት ትነፋለች፣ ትሰፍራለች። አስሙ መቼ እንደጀመራት ራሷም አታውቀውም፤ በርበሬ ሻጭ ሁሉ ስለሚያስል ሳሏን እንደ ሙያ ምልክት ነበር የምታየው። ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መድኃኒቶች አስተምራለሁ፤ የሳንባ መድኃኒቶች ደግሞ ከማስተምራቸው ሁሉ አሳምሬ የማውቃቸው ነበሩ። ቢያንስ እንደዚያ አምን ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ለተማሪዎቼም ቀላል አድርጌ ነው የማስረዳው። ሰው አስምን እየመጣ የሚሄድ እንግዳ አድርጎ ያስበዋል። አስም ግን ነዋሪ ነው። ሕመምተኛው ደህና ነኝ በሚልበትም ቀን የአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ ከውስጥ አብጦ፣ ቀልቶና ተቆጥቶ ይኖራል፤ ጭስ፣ ብናኝ ወይም የጥቅምት ብርድ ሲነካው ብቻ ነው ቧንቧው ተጨምቆ የሚዘጋው። ስለዚህም ሁለት ዓይነት የሚሳብ መድኃኒት ይሰጣል። ሰው ሁሉ ፓፍ የሚለው ሰማያዊው የተጨመቀውን ወዲያው ይከፍታል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ሥራው ያልቃል፤ እብጠቱንም አይነካም። ቡኒው በአንጻሩ ለተጨነቀ ሰው በዚያች ቅጽበት ምንም አይፈይድለትም። በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ፣ ደህና በተሆነበትም ቀን ሲወሰድ ግን እብጠቱን ቀስ በቀስ ያወርዳል። ሰማያዊው የሚታይ ሥራ ስለሚሠራ ይወደዳል፤ የቡኒው ሥራ ስለማይታይ ይናቃል።

ለውጡ በመጣ ሰሞን፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የኖረውን ወረቀት ጥሎ እንደ አዲስ ለመጻፍ በተነሣበት ጊዜ፣ ለአስም ሕመምተኞች የሚበተን ጽሑፍ በአማርኛ እንድናዘጋጅ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔም አባል ሆንኩ። ያን ጊዜ ሁላችንም ተስፋ ነበረን፤ ተስፋችንም፣ ዛሬ ሳስበው፣ ብዙውን ጊዜ የቃላት ተስፋ ነበር። ትክክለኛውን ቃል ካገኘን ትክክለኛው ነገር ተከትሎ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ለሰማያዊው «አስታጋሽ» የሚለውን ቃል ያለ ብዙ ክርክር ተስማማንበት። ለቡኒው አንዱ «ተቆጣጣሪ» አለ፣ ሌላው «አስቀዳሚ»። እኔ «መከላከያ» አልኩ። ጥርት ያለ ቃል ነው፤ ሥሩ ይታወቃል፣ ሁሉም ይረዳዋል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተከራክሬ አሸነፍኩ።

ጽሑፉን በኮምፒውተር ትለቅምልን የነበረችው ጸሐፊ ብቻ ቀና ብላ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መከላከያ ሲባል እኮ ሰው የሚያስበው ወታደሩን ነው» አለችኝ።

«ዐውዱ ይገልጠዋል» አልኳት።

ኮሚቴው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀችና ጻፈችው። ዐውዱ ይገልጠዋል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቡኒውን ለእናቴ ከአዲስ አበባ የምልክላት እኔ ነበርኩ። አንዱ ሁለት መቶ ስበት አለው፤ በቀን አራት ብትወስድ ሃምሳ ቀን ይበቃታል፤ ስለዚህ በየሃምሳ ቀኑ አንድ እልካለሁ። የመጀመሪያውን ራሴ ወስጄላት አጠቃቀሙን ዓይኗ እያየ አሳይቻታለሁ፣ ጽሑፋችንንም ከጎኑ አድርጌ ሰጥቻታለሁ። ከዚያ በኋላ በስልክ እጠይቃታለሁ።

«መከላከያውስ?»

«አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና አድርጌ ይዤዋለሁ።»

በየሳምንቱ ይህንኑ ጠየቅኳት፣ በየሳምንቱ ይህንኑ መለሰችልኝ። አንድም ቀን አልዋሸችኝም። ሰማያዊውን ግን ራሷ ከሐይቅ ፋርማሲ ትገዛ ስለነበር ስንቱን እንደምትጨርስ አላውቅም ነበር፤ በዓል ሲደርስ እየሄድኩ ሳያት ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰባት መጣ። መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰደች የማይሻላት ከሆነ ጥፋቱ የአካባቢዋ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። በርበሬውን አስተውኳት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁላት። ምንጣፏን አስወጣሁ፣ ትራሷን ቀየርኩ። የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ያልጠየቅኩት ግን አንድ ነገር ነበር።

ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲጠጋ እሷን ላወጣ ሄድኩ። ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሚኒባስ ባዶ ነበር፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ሁሉ ግን ጣሪያው ላይ ፍራሽና ዶሮ ጭኗል። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ።

«እህቴ፣ ሰው እየወጣ አንቺ ወዴት ነሽ?»

«እናቴን ላመጣ።»

«መራመድ ትችላለች?»

«ሦስት ጊዜ እያረፈች።»

ሾፌሩ ሐይቅ ስንደርስ ሂሳብ አልቀበል አለ፤ ያ መጥፎ ምልክት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መኪና የሚባል ጠፋ። ሰው በእግሩ ወጣ፤ እኛም ወጣን። ካቡ ጋ አረፍን። ግንዱ ጋ አረፍን። ምሰሶው ጋ ስንደርስ ሰማያዊውን ሁለት ጊዜ ሳበች፣ ቆየችና ሁለት ጊዜ ደገመች። ከንፈሯ ከሻሿ ጥቁር ጋር ሊመሳሰል ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከፊታችን ያለው መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ ሳይሆን የአንድ ቀን ሙሉ ጉዞ ነበር፣ ያውም ዳገት።

«አንቺ ሂጂ፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔ እዚሁ ምሰሶው ጋ አሳልፈዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልፍ።»

ተመለስን። ከመንደራችን የቀረችው ጎረቤታችን ብቻ ነበረች፤ ካቡ የእሷ ነው። ክርስቲያን ናት፣ ከእናቴ ጥቂት የምትበልጥ፣ ዓመት ዓመት ግሸን ማርያም በእግሯ የምትወጣ ብርቱ ሴት። እሷን ያስቀራት ሊወልድ የደረሰ ላሟ ነው። ከካቡ ማዶ አየችንና ራሷን ነቀነቀች።

«እናትሽ ትንፋሽ አጥሯት ቀረች፤ እኔ ላም ጠብቄ ቀረሁ። አንቺ የተማርሽው ምን በደለሽ?»

«እሷ ደግሞ እኛን ጠብቃ» አለች እናቴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከላምሽ ጋር አንድ ላይ አስገቢን በቃ።»

መብራት በሁለተኛው ቀን ጠፋ። የገዛሁላት ምድጃ የብረት ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ወደ እንጨትና ኩበት ተመለሰ። ጎረቤታችን ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ እያየች፣ ጭሱ ወደ እኛ በማይመጣበት ሰዓት፣ ለሦስታችንም ታበስል ነበር። እኔ በርና መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ተምሬ ተምሬ የደረስኩበት ሥራ ይህ ነበር፤ የነፋስ ዘበኝነት። ሲጨንቃት የሚያስታግስላት ከደሴ የገዛሁት አንድ ሰማያዊ ፓፍ ብቻ ነው። ፋርማሲዎቹ መዝጊያቸው ተገንጥሎ ባዶ ሆነዋል። ስለ ቡኒው ስጠይቃት «እሱስ አለ» አለችኝ፤ አለ ካለች ጠዋትና ማታ እኔ ሳላያት ትወስዳለች ብዬ ተውኩት። እናቴ በሰው ፊት መድኃኒት መውሰድ ታፍር ነበር። ይህም እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያሳሳተኝ።

ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ቤታችንን ለመፈተሽ የመጡት በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ ነው። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ በር ላይ ቆሙ፤ በዕድሜ ጠና ያለው ገባ። አማርኛው የጠራ አልነበረም፣ ጥያቄው ግን አጭር ነበር።

«መከላከያ አለ?»

እኔ የለም ለማለት አፌን ስከፍት እናቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ቀደመችኝ።

«አለ» አለች። «ሳጥን ውስጥ ነው።»

በር ላይ የነበሩት ሁለቱ ገቡ። ሰውየው መጀመሪያ እናቴን አየ፣ ቀጥሎ ሳጥኑን። ሳጥኑ የሙሽርነቷ ነው፤ ተጣጥፎ ቢገባ እንኳ ሰው የሚይዝ አይደለም።

«ስንት ነው?»

«ቆጥሬው አላውቅም። ልጄ ናት የምትልከው።»

«አንቺ ነሽ የምትልኪው?» አለኝ። «ከየት?»

«ከአዲስ አበባ ነዋ» አለች እናቴ፣ በኩራት። «በየጊዜው ትልካለች። አንድ ጊዜ አቋርጣ አታውቅም።»

በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን አእምሮዬ ጥርት ብሎ የሠራበት ጊዜ የለም። ቃሉን አየሁት። የኮሚቴውን ጠረጴዛ፣ የጸሐፊዋን ቀና ማለት፣ የራሴን መልስ አየሁ። ዐውዱ ይኸው፣ ገለጠው።

«መድኃኒት ነው» አልኩ። «የሳንባ መድኃኒት ነው። ስሙ እንደዚያ ነው።»

«ማነው እንደዚያ ያለው?»

«እኔ» አልኩ።

ክፈቺ አለኝ። የሳጥኑ ቁልፍ እናቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል፤ ስትፈታው ጣቶቿ አልተንቀጠቀጡም፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። ከላይ መቀነትና የሐር ልብስ አለ። ከሥሩ ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ፣ አንዱ ባንዱ ላይ በጥንቃቄ የተደረደሩ፣ ማኅተማቸው ያልተነካ፣ እኔ የላክኋቸው ካርቶኖች በሙሉ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ያልነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱን ሳሳያት የከፈትኩት ነው።

ሰውየው አንዱን ቀደደና በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ሳቁን በክንዱ ሸፈነ።

«ይሄ ነው መከላከያ?»

«ይሄ ነው» አለች እናቴ።

«ለምንድን ነው ያልተከፈተው?»

ለሦስት ዓመት ያህል እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ የጠየቃት እሱ ነው።

«ለክፉ ቀን ነዋ» አለች።

«ታዲያ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እሱንማ» አለች በትሕትና፣ «እናንተ ናችሁ የምታውቁት።»

 ሰውየው ካርቶኑን ወደ ሳጥኑ መለሰው። ከዚያ ዓይኑ እናቴ ጭን ላይ ያለው ሰማያዊው ፓፍ ላይ ዐረፈ፤ አነሣውና ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው፣ ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ። እንደዚያ የሚያደርገው ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«እኛ ጋ በዚህ የሚሰቃይ አለ» አለ።

«ቡኒውን ውሰዱለት» አልኩት። «በየቀኑ ከወሰደው የሚያድነው እሱ ነው።» ይህን ያልኩት ለማላውቀው ሕመምተኛ አዝኜ ይሁን ወይስ ሰማያዊውን ለማስቀረት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ሞክሮታል» አለ ሰውየው። «አይሠራም። የሚሠራው ይሄ ነው።»

ሰማያዊውን ኪሱ ከተተው። ሳጥን ሙሉ መድኃኒት ትቶ፣ ከግማሽ በታች የቀረውን ይዞ ወጣ። በጦርነት ሁለት ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ጥቂት ነው፤ በቡኒው ላይ ግን እናቴና እሱ ፍጹም አንድ ነበሩ።

ከሄዱ በኋላ አሥራ ዘጠኙን መደቡ ላይ ደረደርኳቸው፤ የሚያገለግሉበትን ጊዜ እያነበብኩ ለየኋቸው። አራቱ ጊዜያቸው አልፏል። እጄ የሚሠራው ነገር ሲያጣ ነው ቁጣው የመጣው።

«እማ፣ ለምን?»

«ምኑ?»

«ለምን አልወሰድሽውም? በየሳምንቱ እየጠየቅኩሽ?»

«ጠየቅሽኝ፤ አለ አልኩሽ። አልነበረም እንዴ?» ተቆጣች፤ ስትቆጣ ደረቷ መጮህ ይጀምራል። «አንቺ አይደለሽ መከላከያ ያልሽኝ? መከላከያ የሚወጣው ጠላት ሲመጣ ነው። በየቀኑ ይወጣል እንዴ? በየቀኑ ካወጣሽው በኋላ ሲመጣ ምን ሊኖርሽ ነው? ሰባ ሰባት ላይ ያለውን በደህናው ቀን የበላ ነው ያለቀው። የተረፈው ያስቀመጠ ነው። እኔ ካስቀመጡት ቤት ነኝ።»

 ምክንያቷ እንከን የለበትም። የወሎ ሰው ክፉ ቀን ሲል ምሳሌ እየተናገረ አይደለም፤ የሚያውቀውን፣ የቀበረውን ሰው እየጠራ ነው። እኔ ለዚህ ሰው፣ በየቀኑ መወሰድ ላለበት ነገር፣ «መከላከያ» የሚል ስም ሰጠሁት፤ እሱም ስሙ እንደሚያዘው አደረገ። ሳይታዘዝ የቀረ ሕመምተኛ አልነበረም። ቃል በቃል የታዘዘ ነው እንጂ።

«ይሄኛው እንደ እህል አይደለም» አልኳት በመጨረሻ። «በደህናው ቀን ካልተወሰደ በክፉው ቀን አይደርስም። ሲጨንቅሽ ብቻ ብትወስጂው ምንም አያደርግልሽም። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት፤ ደህና ብትሆኚም፣ ባትሆኚም።»

ካርቶኖቹን አየቻቸው።

«ታዲያ እንደ ሶላት ነው በይኝ እንጂ» አለች። «ሶላት ሲጨንቅ ብቻ አይሰገድም። ሲጨንቀው ብቻ የሚሰግድ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

«እንደ ሶላት ነው» አልኩ።

«ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»

 ከወሰደች በኋላ ደግሞ አፏን በውኃ መጉመጥመጥ እንዳለባት፣ አለዚያ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር እንደሚወጣባት ነገርኳት፤ ሕመምተኞች ከሁሉ ይበልጥ የሚረሱት ይህን ነው፤ በጽሑፋችን ላይም በደማቅ ቀለም አስጽፈነው ነበር። እናቴ በትዕግሥት አየችኝ። «መጉመጥመጡማ ከሶላት በፊት ስታጠብ፣ ውዱእ ላይ አለ። መጀመሪያ እስባለሁ፣ ከዚያ ውዱእ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እሰግዳለሁ። ለሱብሒ ሁለት፣ ለመግሪብ ሁለት። ምን ያስቸግራል?»

ምንም አያስቸግርም ነበር። አራት ባለሙያዎች አንድ ወር ሙሉ ተሰብስበን ያልደረስንበትን ሥርዓት፣ ቁልፏን መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ እየቋጠረች ሠራችው።

ይህ ሁሉ ግን በዚያች ሰዓት ትንፋሿን አልመለሰላትም። ቡኒው ሥራውን የሚጀምረው በቀናት፣ የሚያደላድለው በሳምንታት ነው፤ እስከዚያ ቢጠናባት በእጄ ምንም አልነበረም። ሐሳቤ ሁሉ ቀኖቹን መሻገር ነበር። በአንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ላይ በጋለ ቢላ ቀዳዳ አውጥቼ የቡኒውን አፍ ገጠምኩበት፤ እንደዚያ ሲሆን መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይልቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። መጠኑን ለጊዜው እጥፍ አደረግሁት። በተማሪዎቼ ፊት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን እርምጃ በማስረጃ እደግፈው ነበር፤ እዚያ ግን ማስረጃዬ የእናቴ ትከሻ ብቻ ነበር፤ ስትተነፍስ ወደ ላይ መነሣቱና አለመነሣቱ።

ቡኒውን በጀመረች በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከአስፋልቱ ማዶ የሆነ ነገር ተቃጠለ፤ ጎማ ይመስለኛል። ነፋሱ ጭሱን ይዞ ገባ። እናቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ቃል መናገር ተሳናት። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ በየስበቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ እርጥብ ነጠላዎች በመስኮቱና በበሩ ላይ ሰቀለች፤ እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ በዝግታ እንድታስወጣ በጆሮዋ እቆጥርላታለሁ፤ አስገቢ ሁለት፣ አስወጪ አራት። እኔ የማውቀው፣ እነሱ ግን የማያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ደረቷ መጮኹን በድንገት ካቆመ ተሽሏት ሳይሆን አየር መግባቱ ቆሞ እንደሆነ። ስለዚህ ጩኸቱን እየሰማሁ፣ እንዳይቆም እየተመኘሁ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን በአንድ እጇ የእናቴን ጀርባ እያሸች «አይዞሽ፣ አንቺ በርበሬ ያልገደለሽ፣ ጎማ ይገድልሻል?» ትላታለች። ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር። እናቴ መጀመሪያ መናገር ስትችል ያለችው ቃል «አብሽሩ» ነው፤ እሷ እኛን አይዟችሁ ስትል።

ጩኸቱ ቀስ ብሎ፣ እንደሚገባው፣ ከታች ወደ ላይ ረገበ። መድኃኒቱ ሥራ ጀምሮ ይሁን ወይ ነፋሱ ዞሮ፣ በርግጠኝነት መናገር አልችልም። እንዲህ ያለው ነገር ላይ መዋሸት ከጀመርኩ የሚቀረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ግን ያለ ጥርጥር የቡኒው ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ትራሷን ከሦስት ወደ አንድ ዝቅ አደረገች። በሦስተኛው ሳምንት ሱጁድ ወርዳ ስትነሣ ግድግዳ አልያዘችም። ላሟ ወለደች፤ እናቴ ካቡን ዞራ፣ ሳትቆም፣ ጥጃውን አይታ ተመለሰች።  በዓመታት ውስጥ ያላየሁትን መሻል ያየሁት ከተማው ተይዞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፋርማሲው ተዘርፎ፣ ሰማያዊው ተወስዶባት ሳለ ነው። ሰማያዊው በእጇ ቢኖር ኖሮ ቡኒውን እንደማትነካው አውቃለሁ። የዘረፋት ሰው ውለታ ዋለልን ማለት አይደለም። ዘረፋት፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ተሻላት፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ታጣቂዎቹ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ከቀናት በኋላ ሰው መመለስ ጀመረ፤ ፍራሾቹ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። እናቴ ተመላሾቹን ለማየት እወጣለሁ አለችና አብሬያት ወጣሁ። ካቡን አለፈች። ግንዱን አለፈች። ምሰሶው ጋ ቆመች፤ ከልማድ ነበር፤ እጇን አስደገፈችበትና ወደ ደሴ አቅጣጫ አየች።

«ወላሂ፣ አሁንማ እሸሽ ነበር» አለች። «ትንፋሹ ሲመጣ የምሸሻቸው ሄዱ።»

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ዘመዶቿን ልትጠይቅ ውጫሌ ይዣት ሄድኩ፤ በዚያውም አንድ ጤና ጣቢያ ጎራ አልን፣ ሰማያዊ የሚገኝ እንደሆነ ልጠይቅ። ግቢው ባዶ ነበር። አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ የመድኃኒት መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዷል። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ አራት ማዕዘኑ በፕላስተር የተለጠፈ፣ በደማቅ ቀለም የታተመ። የኛ ጽሑፍ ነበር። ለመስረቅ የሚያበቃ ዋጋ ያልተገኘበት ብቸኛ ዕቃ እሱ ነው፤ በዚህ ግምገማ ልከራከር አልችልም።

አንዲት ነርስ በባዶ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ ሕመምተኛ ትመዘግባለች። የአስም ሕመምተኞች ቡኒውን እንዴት እንደሚወስዱ ጠየቅኳት።

«መከላከያውን? ሁሉም አለን ነው የሚሉኝ፣ እትዬ። ይዘነዋል ይላሉ። ግን እየባሰባቸው ነው የሚመጡት፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ቃሉን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም። እርሳሷን አስቀመጠችና ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ አየችው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

እናቴ አጠገቤ ቆማለች፤ ከመኪናው ወርዳ እዚህ ድረስ አንድ ጊዜም አላረፈችም።

«እንደ ሶላት ነው በያቸው» አለቻት። «ለክርስቲያኗ ደግሞ እንደ ዳዊት ነው በያት። ጦርነት ሲመጣ ብቻ አይደገምም።»

ነርሷ ጻፈችው።

አዲስ አበባ ስመለስ ቃሉ እንዲለወጥ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ምክንያቱንም በሦስት ገጽ ዘረዘርኩ። የተሰጠኝ መልስ ቃሉ የጸደቀና በሌሎች ጽሑፎችም የተሠራበት ስለሆነ አሁን መቀየሩ ሕዝቡን ግራ እንደሚያጋባ ይገልጻል። ደብዳቤውን የለቀመችው ያችው ጸሐፊ ናት፤ እጄ ላይ ስታስቀምጠው ምንም አላለችም፣ ያም ደግነት ነበር።

አሁንም በየሃምሳ ቀኑ አንድ እልካለሁ። በስልክ ስደውል ግን ስለ መድኃኒቱ አልጠይቃትም።

«እማ፣ ሰገድሽ?»

«ሰግጃለሁ።»

«ሁለቱን?»

«ሁለቱን።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አንዷን ግን ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እንዳትቆጪ።»

አልቆጣም። ጊዜዋ ከማለፉ በፊት እንድትለውጣት ብቻ ነው የምነግራት።